አፍ የሌላት መኪና

በካሰል ከተማ፣ ከፉልዳ ወንዝ ዳር፣
ሃያ ዓመት ሸጥኩኝ መኪና ለኦትማር፤
ሰው ምን እንደሚሻ ከጫማው አውቃለሁ፣
ባልየው ሲያወራ ሚስቱን አያታለሁ።

አንድ ማለዳ ታዲያ፣ በመጋቢት ብርድ፣
ሸራ ተከናንባ ከጭነት ስትወርድ
ያቺን ጉድ አየኋት።
አፍ የላት፣ አፍንጫ፤ ፊቷ ልሙጥ ሸክላ፣
ሹፌሩ ብቻውን፣ ሁለቱ ከኋላ፤
መሪዋ መኻል ላይ፤
በሯ ወደ ጎን ነው የሚንሸራተተው፣
ወንበሯ ዞር ብሎ ሰው የሚቀበለው።

"የነገ መኪና" ይላል ደብዳቤያቸው፤
ኦትማር አነበበና "ነገ ይግዟት በላቸው።"

መስኮቱ አጠገብ፣ ከመብራቱ በታች፣
አሥራ አንድ ወር ሙሉ እንደ ሙሽራ ቆመች።
እንግዳ አላጣችም፣ ውሸት አልናገርም፤
እንደሷ የታየ ሱቁ ውስጥ የለም።
ዳሰሷት፣ ከፈቷት፣ ፎቶ ተነሡባት፣
ጎረምሳ ሣቀባት፣ ሕፃን አለቀሰባት፤
አንድ የሒሳብ መምህር ሦስት ቅዳሜ መጥቶ፣
ዙሪያዋን ዞረና ጎንበስ ብሎ አይቶ፣
"ብልህ ናት" አለኝ፣ "በእውነት ብልህ" ብሎ፣
ግራጫዋን ገዝቶ ሄደ ተቻኩሎ።

ግራጫዋ ምን አላት? ምንም።
አባቱ የነዳት፣ አማቱ የነዳት፣
ጎረቤት ሲያልፍ ዞሮ የማያያት።
ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ነው፤
መልአክ በወር ክፍያ ማን ደፍሮ ሊገዛው?

እኔስ? እኔም ያው ነኝ። ሳወድሳት ውዬ
ግራጫዬን ነዳሁ፣ ማታ፣ ዝም ብዬ።

በየካቲት ማለቂያ፣ በረዶው ሲሟሟ፣
ነርስ የነበረችው ኢርምጋርድ፣ ታማ፣
ዳሌዋን በብረት አሳስራ ከርማ፣
በከዘራ ገባች።
ቀለም አልጠየቀች። ስለ ፊት አላወራች።
በሩን አንሸራታ፣ ወንበሩን አዙራ፣
ቁጭ።
እግሯን በእጇ አንሥታ፣ ተመልሳ ዞራ፣
"አልጮኽኩም" አለችኝ። "ሌሎቹ ሲያስገቡኝ
በር ላይ ነው ሁልጊዜ እንደ ጥጃ የሚያስጮኹኝ።
ወረቀቱን አምጣ።"

ኦትማር ከቢሮው ወጥቶ እጄን ጨበጠኝ፣
ለቅሶ ቤት ወይ ሠርግ እንደሆነ ሳይገባኝ።

ዳቦ ቤቱ ደጅ ላይ ስትቆም ጠዋት ጠዋት
በሰኔ ሣቁባት፣ በሐምሌ ዝም አሏት፣
በነሐሴ ግን ማንም ዞሮ አላያት።
አንዲት አዋላጅ ገዛች። ከዚያ ሙዚቀኛ፣
ቁመቱን የሚያህል ቫዮሊን የሚጭን።
ሌላ? ሌላ የለም። ሦስት ናቸው በቃ።

በሁለተኛው ዓመት ፋብሪካው ፈራና
አፍ ሠራላት።
የፕላስቲክ አፍ፣ ጥቁር፣ ጥርሱ የተሰደረ፣
ከኋላው ብረት እንጂ ጉሮሮ ያልነበረ።
መሪውን ወደ ግራ፣ ሹፌሩን ከሚስቱ ጎን መለሱት፤
በሩንና የሚዞረውን ወንበር ብቻ ተዉት።
በስድስት ሳምንት አርባ ሸጥኩ።
የሒሳብ መምህሩ ግራጫዋን መልሶ
"ብዬህ አልነበረም?" አለኝ ኮቱን ለብሶ፣
ቁልፉን ተቀብሎ።

ሌሊት ሌሊት አስባለሁ፤ ማን ማንን ለመደ?
እሷ ናት የወጣች፣ ወይስ ሰው ነው የወረደ?
በሩ ግን ያው በር ነው። ስንት ያረጀ ጉልበት
ሳያውቀው ዛሬ ይገባል በኢርምጋርድ በር፣
አፏን ብቻ አይቶ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ ለቀድሞ ገዢዎች
አፉ በነጻ ይገጠም።
ኢርምጋርድን ጠራኋት። ዝናብ ነበር። ቆማ
ያን አፍ ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው፣ ጀርባውን አየች።
"ይበላል?"
"አይበላም።"
"ይተነፍሳል?"
"አይ፣ አይተነፍስም።"
"እንግዲያ ይቅርባት" አለችና መልሳ ሰጠችኝ፣
በሩን አንሸራታ፣ ወንበሩን አዙራ፣
እግሯን አንድ፣ ሁለት፣ በእጇ ሰብስባ፣
በዚያ በልሙጥ ፊት ዝናቡን እየገፋች
ወደ ድልድዩ ሄደች፣

እኔም ደጃፉ ላይ አፏን ይዤ ቀረሁ።